ሰባት ደቂቃ ከነመሸኛው

በ2074 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ራሱ የሚጨርስ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሰው ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ የቀረውን አንገትጌው ላይ የተሰካችው፣ አሟይ የምትባል ትንሽ መሣሪያ በራሱ ድምፅ ትሞላለታለች። ታክሲ ውስጥ «ፒያሳ…» ያለ ተሳፋሪ፣ «…ከፋርማሲው ፊት ለፊት ያውርዱኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወርዳል። ሽማግሌ ተልኮ «ልጃችሁን…» ካለ ሽምግልናው ተፈጸመ ማለት ነው። ልቅሶ ቤት የሚመጣውማ አፉን ከፈት አድርጎ መቀመጥ ብቻ ይበቃዋል፤ ለሟቹ ዕድሜና ለዝምድናው የሚመጥነውን ያህል አሟዪቱ ታለቅስለታለች። የከተማው ዓመታዊ ሪፖርት አንድ ነዋሪ በቀን በአማካይ ዘጠና ቃል ከገዛ አፉ እንደሚያወጣ ይገልጻል። ሪፖርቱ ይህን የጠቀሰው ከስኬቶቹ ተርታ ነው።

ኪሩቤል አበጋዝ ሰባ አምስት ዓመቱ ነው። እሱ ልጅ በነበረበት ዘመን ኪሩቤል የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን የሽማግሌ ስም ሆኗል፤ ሕፃናቱ ተመልሰው ደባልቄና ተዋበች እየተባሉ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ አሮጌ ዲስክ ይከፍታል። በሩ ላይ የቆርቆሮ ሣጥን አንጠልጥሏል፤ ደንበኛ ሁሉ ከመግባቱ በፊት አሟዩን እዚያ ውስጥ ይጥላል። ይህን ደንብ ያወጣው አንድ ጊዜ እያጉተመተመ ትእዛዝ ሲጽፍ የደንበኛው አሟይ ቀድማ ጨርሳ ወደ ማሽኑ አስገብታው የአንድ ምስኪን ሰውዬ የሠላሳ ዓመት ፎቶ ድራሹ ከጠፋ በኋላ ነው።

አንድ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሐጃ መዲና ሙሔ ገቡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የመጽሐፍ ያህል የምትሆን ቀይ መብራት ያላት ጥቁር ሣጥን ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል።

«እንደምን…» አሉና ቆሙ። ቀሪውን የምትሞላው በር ላይ ቀርታለች። በራሳቸው ሳቁ። «ወይ ጉድ! እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ።»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ፣ ሐጃ።»

ሳይቀመጡ ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ወንድሜ ኢድሪስ ይንተባተብ ነበር» አሉ። «መንተባተብ ምን እንደሆነ ያውቃሉ መቼም?»

«እንዴታ!»

«አልሐምዱሊላህ። የልጅ ልጄ ‹አሟዩ ተበላሽታበት ነው?› አለችኝ።»

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ እንግዳ ስለሆኑ መሃል መሃል ላይ እየቆሙ ቃል ይፈልጉ ነበር። ያገቡት በ2019 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ወሊያቸው፣ ማለትም ለባል የሚሰጣቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው ኢድሪስ ሆነ። ኒካሁ ሲታሰር ቃሉን መናገር ያለበት እሱ ነበር።

«ወንዶቹ ሳሎን ናቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ። ምንም አይሰማም፣ ወላሂ። ሰባት ደቂቃ! አክስቴ ሰዓቷን እያየች ‹ልጁ ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?› አለች። ከዚያ እልል ተባለ፤ ወጣሁ፤ ተዳርኩ። ኢድሪስን ‹ምን ስትል ነበር ያን ሁሉ ጊዜ?› ብዬ ብጠይቀው እጁን አወናጭፎ ሳቀብኝ። ሸምሱንም ጠየቅኩት፤ ባሌን። ‹የወንዶች ጉዳይ ነው› አለኝ። ኢድሪስ ሞተ። ሸምሱም ሞተ። እዚያ ሳሎን ከነበሩት አንድም ሰው በሕይወት የለም።»

አምና ለኢድሪስ ሰደቃ ሲደረግ የልጅ ልጆቻቸው ያን ቀን በአሟይ አስሞልተው በግድግዳ ሙሉ አሳዩአቸው። ኢድሪስ ቀጥ ብሎ ቁጭ አለ፤ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ፣ ጥርት ባለ ድምፅ አወረደው። ሐጃ አለቀሱ። ልጆቹ «ደስ ብሏት ነው» አሉ።

«እኔ ያለቀስኩት ሰውዬውን ስለማላውቀው ነው» አሉ። «የኔ ወንድም እንደዚያ አይናገርም። ኢድሪስ አንድ ቃል ሊያወጣ ግንባሩ ሥር በሥር ይሆናል። ‹መዲና› ለማለት ይፈጅበት የነበረውን ጊዜ አሁን ማንም ለማንም አይሰጥም። እሱን ነው የምፈልገው። ሳልሞት አንዴ ልስማው።»

ሰርጉን የቀረጸው ኑርዬ ቪዲዮ የሚባል ፎቶ ቤት ነበር። ሲዘጋ ዲስኩን ለጦሳ ቅርስ ማእከል አስረከበ። ማእከሉ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ፣ ኢሜጅ የሚሉትን፣ አስቀምጧል። ሐጃ ሦስት ጊዜ አመልክተው ሦስት ጊዜ የመጣላቸው መልስ «ባዶ» የሚል ነው። ሦስት ጊዜ ባዶ የተባለ ይጸዳል። ግልባጩን በውሰት ሣጥን የሰጧቸውም ለወጉ ያህል ነው፤ ከሣጥኑ ምንም አይወጣም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ያለውም እዚህ ያለውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በፊት ውስጡ የሚነበብ ነገር ከተገኘ ግን መዝገቡ «ባለቤት ያለው» ይባልና ይቀራል።

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት?» አለ ኪሩቤል።

«ዛሬ።»

«ማእከሉ ውስጥ ሠርቻለሁ እኮ፤ ከ2033 እስከ 2035» አለ፤ ትንሽም ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እኛ እንደዛሬዎቹ አልነበርንም። ሥራ እናውቅ ነበር።»

አሮጌውን ላፕቶፕ ከፈተ። ጥቁሩ ስክሪን መጣና ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀው ጀመር። ኪሩቤል ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የሚወደው በዚህ ነው። ኢንተር እስክትጫን ድረስ ትንፍሽ አይልም፤ ጎበዝ መስሎ አይታይህም፤ ያልከውን ብቻ ያደርጋል፤ ተሳስተህም ቢሆን። ባየው ቁጥር ያቺ ፒያሳ ያለች፣ መስኮት አልባ የወጣትነት ክፍሉ ትመጣበታለች። ከጓደኞቹ ጋር ለሰባት ሰው አንድ ቻርጀር ነበራቸው። ትእዛዞቹን ያጠኑት ፎቶኮፒው ከደበዘዘ ወረቀት ላይ ነው። ፓስቲ እየበሉ ስለሚጽፉ የኪቦርዱ ፊደላት በዘይት ጠፍተው ነበር። መብራት ሲሄድ ሁሉም በአንድ ላይ «ኤጭ!» ይላሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ያ ጩኸት አሁን ቢሸጥ ኪሩቤል ይገዛው ነበር።

ሣጥኗን ሰካ። ኢሜጁን እንደ እውነተኛ ዲስክ እንዲቆጥረው ሲስተሙን አዘዘው፤ ክፍሎቹንም እንዲፈልግ። ዝርዝሩን ጠየቀ። አንድ መስመር ብቻ መጣ፤ ሉፕ ዜሮ፣ ማሽኑ ለዲስኩ የሰጠው ስም። ከሥሩ ምንም የለም።

«ምን አለ?» አሉ ሐጃ።

«ዲስክ ማለት ግቢ በሉት። ግቢው ውስጥ ክፍሎች አሉ፤ ፓርቲሽን እንላቸዋለን። የትኛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፋል፤ መጀመሪያው ላይ። ማሽኑ በሩ ላይ ዝርዝሩን ካጣ፣ ክፍል የለም ብሎ ይመለሳል።»

«ሳይገባ?»

«ሳይገባ።»

«የዛሬ ሰው ነዋ!» አሉ ሐጃ።

እንደገና እንዲፈልግ አዘዘው፤ የለም። በሌላ መሣሪያ የክፍሎቹን ሠንጠረዥ ጠየቀ፤ የዲስኩን መጠን ነገረውና ዝም አለ። ያኔ ትልልቅ ዲስኮች የሚለኩበት ስፍር ከተለመደው ስምንት እጥፍ እንደነበር ትዝ ብሎት ስፍሩን ቀየረ። በዚህኛው ተማምኖ ነበር፤ አልሠራም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አንገቱን ላብ አጠመቀው። ሐጃ እጁን እጁን ያዩ ነበር፤ ይኼኛው ባሰበት።

እንደ ዱሮው ወረቀትና እርሳስ አወጣ። የፋይሉን መጠን በባይት ጻፈና ለአምስት መቶ አሥራ ሁለት አካፈለው። የዲስክ መጠን ለዚህ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ይካፈላል፤ ጡብ በጡብ እንደተሠራ ግድግዳ ግማሽ ጡብ የለውም። ሁለት መቶ ዘጠና አራት ተረፈው። ደግሞ አካፈለ። ሁለት መቶ ዘጠና አራት።

«ሐጃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ውስጥ የዲስኩ ያልሆነ ነገር ገብቷል።»

የፋይሉን መጀመሪያ ጥሬውን፣ በቁጥር በቁጥሩ አወጣው። ባዶ ቢሆን ዜሮ በዜሮ መሆን ነበረበት። የመጣው ሌላ ነው፤ ኢ-ዋን፣ ከዚያ ሁለት ቁጥር፣ ኢ-ዋን፣ ከዚያ ሁለት ቁጥር፣ ኢ-ዋን። በስተቀኝ በኩል፣ ማሽኑ ፊደል ካገኘ በሚጽፍበት ቦታ፣ የነጥብ መዓት ተደርድሯል። ማሽኑ ምንም አልገባውም። ኪሩቤል ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። በዚያ ዘመን ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር የታገለ ማንኛውም ሰው ያቺን ኢ-ዋን ያውቃታል። የኛ ፊደል ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ሦስት ሦስት ቁጥር ሆኖ ነው የሚተኛው፤ የሁሉም መጀመሪያ ደግሞ እሷ ናት።

«አማርኛ ነው» አለ። «በሩ ላይ አማርኛ ተጽፏል።»

ወደ ጽሑፍ ቀየረው።

«ቁጥር፡ ጦቅማ/1187/34። ቀን፡ 14/06/2034 ዓ.ም.። ለዲጂታል ማከማቻ ክፍል፣ ደሴ። ጉዳዩ፡ ዲስክ መላክን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ከኑርዬ ቪዲዮ የተረከብነውን ዲስክ ግልባጭ አንድ (1) ፍሬ ከዚህ መሸኛ ጋር አባሪ አድርገን የላክን መሆኑን እየገለጽን፣ ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን። ከሠላምታ ጋር። ሙላው ይመኑ፣ የመዝገብ ሹም። አዘጋጅ፡ ኪ.አ.»

ሐጃ ሳቃቸው መጣ። «የምን ደብዳቤ ነው ደግሞ?»

ኪሩቤል አልሳቀም። ኪ.አ. እሱ ራሱ ነው።

አቶ ሙላው ዕድሜውን በወረቀት መዝገብ ያሳለፈ ሰው ነበር። «መሸኛ የሌለው ነገር ከዚህ ቢሮ አይወጣም!» ይል ነበር። ኪሩቤል ደብዳቤው ከኢሜጁ ጎን ለብቻው ይቀመጥ ብሎ ቢለምነው፣ «ቢለያዩስ? መሸኛ ከፊት፣ አባሪ ከኋላ፣ አንድ ላይ ይሰፋ!» አለው። ኪሩቤልም ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ክርክር ሰልችቶታል፣ ምሳ ሰዓትም ደርሷል። አሥራ ሁለት መስመር ፕሮግራም ጽፎ የእያንዳንዱን ዲስክ መሸኛ በእያንዳንዱ ኢሜጅ ግንባር ላይ ሰፋው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዲስክ በአንድ ከሰዓት። አቶ ሙላው በደስታ ጨበጠው። እንዴት እንደሚፈታ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ፤ ማስታወሻው የት እንደገባ እግዜር ይወቅ።

ማእከሉ በየዓመቱ ጽዳት ሲያደርግ ኪሩቤል ዜናውን ይሰማ ነበር። «ባዶ ሆነው የተገኙ ዲስኮች ተወገዱ።» ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ቆሻሻ ሲጠራቀም መጽዳቱ አይቀርም እያለ። አሁን ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

«ሐጃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ሁሉንም ነገራቸው፤ አቶ ሙላውንም፣ አሥራ ሁለቱን መስመርም፣ የምሳ ሰዓቱንም። «ባዶ አልነበሩም። አንዱም ባዶ አልነበረም። በሩ ላይ የኔን ደብዳቤ ለጥፌባቸው ነው።»

«ስንት ጠፋ?»

«ሦስት መቶ ያህል። የሰው ሰርግ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው…»

ሐጃ መዲና ለጥቂት ጊዜ ጉልበታቸውን አሹ። ፊታቸው ተቆጥቶ ነበር፤ መቆጣትም ይገባቸው ነበር።

«ለሦስት መቶው ነገ ቁጭ ብለው ያልቅሱ» አሉ በመጨረሻ። «ለቀሩት መቶዎቹ ማእከሉ በር ድረስ ሄደው ይናገራሉ፤ በራስዎ አፍ። አሁን ግን የኔው ወንድም እዚህ ውስጥ ነው። ሰዓት አለን?»

«አለን።»

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ቆጠረው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ባይት፤ ሁለት ሙሉ ስፍር ከነትርፉ ሁለት መቶ ዘጠና አራት። ልክ ነው። ዘሎት እንዲጀምር ቢጠይቀው ማሽኑ ከእንዲህ ያለ ጎደሎ ቦታ አልነሣም አለ፤ ስለዚህ መሸኛውን ቆርጦ የቀረውን እዚያው ሣጥን ውስጥ እንደገና ማስገልበጥ ግድ ሆነ። ሣጥኗ አዝጋሚ ናት። አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ያልቃል አለች።

ከመጠበቅ ሌላ የሚሠራ አልነበረም፤ መጠበቅ ደግሞ ሁለቱም የለመዱት ሥራ ነው። በዚህ መሃል ስለ ዱሮ ቪዲዮ ቤቶች አወሩ። ካሜራማኑ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆሞ «ሙሽሪት፣ ቀና በይ!» ሲል፤ መብራቱ ዓይን ሲያጠፋ፤ ቪዲዮው ለስድስት ወር «ኤዲቲንግ ላይ ነው» ሲባል። ሲመጣ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ቀይ ልቦች እየበረሩ፣ የሙሽራው አጎት ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲጎርስ ያሳያል። «ኑርዬ የኒካሁን ድምፅ አጥፍቶ መንዙማ ጫነበት» አሉ ሐጃ። «ለኛ የሰጠን እንደዚያ ነበር። ጥሬው ግን ዲስኩ ላይ አለኝ ብሎኛል፤ በአላህ ምሎ።» ኪሩቤል ሳቀ፤ ያ ዘመን አስቀያሚም ቢሆን የራሳቸው ነበር።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ አለቀ። ኪሩቤል ትእዛዙን ጽፎ ኢንተርን ተጫነ።

ሉፕ ዜሮ። ከሥሩ ፒ አንድ። ከሥሩ ፒ ሁለት።

«ክፍሎቹ መጡ!» ብሎ ጮኸ፤ እንደ ሰባ አምስት ዓመት ሰው ሳይሆን መብራት እንደመጣለት ሰፈር። ሁለተኛውን ክፍል እንዳይነካካ፣ ለንባብ ብቻ ከፈተው። የሣጥኗ ቀይ መብራት ለአፍታ አሰበችና አረንጓዴ ሆነች። ባለቤት ያለው።

ፋይሉ «መዲና ሸምሱ ጥሬ ያልተነካ» ይላል። ሐጃ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሰው ሊቀበሉ እንደሚነሱ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይጥላል። መሃል ላይ ሸህ ዳውድ የሁለት ወጣቶችን እጅ አያይዘው ነጭ ጨርቅ ደርበውበታል። አንደኛው ቀጭን፣ ሱፉ የሰፋው፣ ሙሽራው ሸምሱ ነው። ሌላው ኢድሪስ ነው።

«ወክለኝና እኔ ልበልልህ» አሉ ሸሁ በለሆሳስ። «ይፈቀዳል፣ ልጄ።»

ኢድሪስ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፈተ።

«መ… መ… መ…»

ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገተረ። ሐጃ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዳር አንድ ሰውዬ አዝኖለት «መዲናን» ብሎ ሊያቀብለው ሲል ሸህ ዳውድ እጃቸውን አነሡ፦ «ተዉት። ቃሉ የሱ ነው።» ማንም አልተነቃነቀም። ኪሩቤል እንዲህ ያለ ዝምታ ከሰማ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ጣቶቹ ቁልፉን ተጭነው ሊያሳልፉት ፈለጉ፤ ሰብስቦ ያዛቸው። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለት። ሦስት።

«መ… መዲናን… ድ… ድሬልሃለሁ።»

«ተቀብያለሁ» አለ ሸምሱ።

ወንዶቹ በእፎይታ ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ ሊነሣ ጉልበቱን ያዘ። ኢድሪስ ግን የሸምሱን እጅ አልለቀቀም። ሌላ ነገር ሊናገር ነው። ሸሁ ገባቸውና ሰውየውን መልሰው አስቀመጡት።

«ስ… ስ… ስትናገር…» አለ ኢድሪስ። ዓይኑን ጨፈነ፤ አንገቱን አቀርቅሮ ታገለ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበ። «ስትናገር… አ… አታቋርጣት። እ… እስክትጨርስ… ጠ… ጠ… ጠብቃት።»

ሸምሱ አየው።

«እሺ» አለ። «ወላሂ፣ እጠብቃታለሁ።»

ያኔ ነው እልልታው የመጣው።

ኪሩቤል ቪዲዮውን አቆመ። ሐጃ መዲና ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነሣም፤ እንባቸው እየወረደ ነጠላቸውን አራሰው።

«አርባ ሁለት ዓመት…» አሉና ቆሙ።

ኪሩቤል ጠበቃቸው።

«አርባ ሁለት ዓመት ከሸምሱ ጋር ስኖር አንድ ቀን ከአፌ ነጥቆኝ አያውቅም። እኔ ወሬ አበዛለሁ፤ እሱ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ስጣላውም እንደዚያው። ዝም ስል፣ ትንሽ ቆይቶ ‹ጨረስሽ?› ይለኛል። ሁልጊዜ። ‹ጨረስሽ፣ መዲና?›» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ወላሂ፣ ወሬዬ የሰለቸው መስሎኝ ነበር።»